የማይታይ ሕማም፦ ስለ ፊት ነርቭ ጽኑ ሥቃይ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ ድጋፉ የቀረበ ዳሰሳ

የሰው ልጅ ከሚቀበላቸው ደዌያት አንዳንዱ በቁስል፣ አንዳንዱ በእብጠት፣ አንዳንዱም በትኩሳት ወይም በሰውነት መመንመን ራሱን ለተመልካች ዓይን ስለሚገልጥ፣ ዘመድም ሐኪምም ሕሙሙን ባዩት ጊዜ ሌላ ምስክር ሳይሹ ያዝኑለታል፣ ይረዱታልም። በፊት ላይ በድንገት ተነሥቶ በድንገት የሚሰወረው የነርቭ ሕማም ግን፣ በጽናቱ ከብዙዎቹ ደዌያት የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ከቆዳ በላይ የሚታይ ምልክት ስለማይተው፣ ሕሙሙ ሥቃዩን ከመታገሥ በላይ ሥቃዩ እውነት መሆኑን ለሰው ሁሉ የማስረዳት ቀንበር ይጫንበታል።

የዚህ ዳሰሳ ዓላማ፣ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ስለሚባለው የፊት ነርቭ ሕማም ጠቢባን እስከ ዛሬ የደረሱበትን ዕውቀት በቅደም ተከተል ማቅረብ፣ ቀጥሎም ሕሙሙ ከሐኪም፣ ከቤተ ሰብና ከማኅበረ ሰብ ሊያገኝ የሚገባውን ድጋፍ መመርመር ነው። ከመላው ምርመራ የሚወጣውን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ለዚህ ደዌ መድኃኒት አለ፣ ሕክምናውም በደረጃ የተዘረጋ ነው፤ ነገር ግን ሕሙሙ ወደዚያ ሕክምና የሚደርሰው፣ ከደረሰም በኋላ የሚጸናው፣ ቃሉን የሚያምን፣ ደዌውን ለይቶ የሚያውቅና በመካከል የማይለየው ሰው ሲያገኝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ከአንጎል ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው ከሚወጡት 12 የራስ ነርቮች አምስተኛው፣ በሐኪሞች ዘንድ ትራይጀሚናል እየተባለ የሚጠራው፣ በገጻችን ላይ የሚዳሰሰውን፣ የሚሞቀውን፣ የሚበርደውንና የሚያመውን ሁሉ ለአንጎል የሚያደርስ ነው። በቀኝም በግራም በሦስት ቅርንጫፍ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ለግንባርና ለዓይን፣ ሁለተኛው ለጉንጭ፣ ለላይኛው ከንፈርና ለላይኛው ጥርስ፣ ሦስተኛውም ለታችኛው መንጋጋ፣ ከንፈርና ጥርስ ስሜት ይሰጣል፤ ይህ ሦስተኛው ከዚህ ሌላ የማኘኪያ ጡንቻዎችን ያንቀሳቅሳል። የፊትን ገጽታ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሲታወክም አፍን የሚያጣምመውና የዓይንን ቆብ እንዳይከደን የሚያደርገው ግን ሌላ፣ ማለት ሰባተኛው ነርቭ ነው። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ቻርልስ ቤል የሁለቱን ሥራ ለይቶ ማስረዳት የጀመረው በ1821 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ሥቃዩን እናስቀራለን ብለው ሰባተኛውን ነርቭ በመቁረጣቸው፣ ሕሙሙ ሥቃዩ ሳይለቀው ፊቱ ተጣሞ ይቀር ነበር። ዛሬም ቢሆን ፊት ሳይታመም መጣመሙና ፊት ሳይጣመም መታመሙ ሁለት ልዩ ልዩ ደዌያት መሆናቸውን ማወቅ ለሕሙሙም ለቤተ ሰቡም የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

የደዌው ምክንያት በአብዛኞቹ ሕሙማን ይህ ነው፤ ነርቩ ወደ አንጎል ግንድ በሚገባበት ሥፍራ አጠገብ የሚያልፍ የደም ቧንቧ፣ ይልቁንም ደምን ወደ ትንሹ አንጎል የላይኛው ክፍል የሚወስደው፣ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ እየረዘመና እየተጠማዘዘ በነርቩ ላይ ያርፋል፤ ልብ በመታ ቍጥርም ስለሚጫነው፣ እያንዳንዱን የነርቭ ክር የሚሸፍነው ማየሊን የተባለ ሽፋን ቀስ በቀስ ይሳሳል። ሽፋናቸው የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሲነካኩ ብልጭታ እንደሚወጣቸው፣ የተራቈቱት የነርቭ ክሮችም የአንዱን መልእክት ለሌላው ስለሚያሻግሩት፣ እጅግ የቀለለ ዳሰሳ አንጎል ዘንድ ጽኑ ሥቃይ ሆኖ ይደርሳል። ከ100 ሕሙማን በ15ቱ ያህል ደግሞ ከሥቃዩ በስተኋላ ሌላ ደዌ ይገኛል፤ ይኸውም ነርቩን የሚጫን ዕጢ፣ ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭን ሽፋን የሚያጠፋ ሕመም ነው። የቀሩት ጥቂቶች ግን በምርመራ ምንም ምክንያት የማይገኝላቸው ናቸው።

ደዌው ራሱን የሚገልጥበት ጠባይ እጅግ የተለየ ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሐኪም ከመሣሪያ ይልቅ ከሕሙሙ አንደበት ይረዳዋል። ሥቃዩ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መጠን በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እንደ መብረቅ ድንገተኛ ሆኖ ከሴኮንድ ከፋይ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆይና ይሰወራል፤ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ አንዳንዴም በመቶ የሚቈጠር ጊዜ ይመላለሳል፤ በሁለት ጥቃት መካከል ብዙዎች ፍጹም ዕረፍት ሲያገኙ፣ ለአንዳንዶቹ ግን የሚያቃጥል ወይም የሚጠዘጥዝ ሕማም በመካከሉም ይቀራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ሥቃዩን የሚቀሰቅሱት ነገሮች የዕለት ተዕለት ኑሮ ሥራዎች መሆናቸው ነው፤ ፊት መታጠብ፣ ጢም መላጨት፣ ጥርስ መፋቅ፣ ማኘክ፣ መናገር፣ የማለዳ ነፋስ በጉንጭ ላይ ማለፉ እንኳ ይበቃል። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ሰላምታ መስጠት የፍቅርና የአክብሮት ምልክት በሆነበት በእኛ አገር፣ ይህ ደዌ ያደረበት ሰው ወዳጁ ሊስመው ሲጠጋ ፊቱን ያሸሻል፤ በማዕድ ላይ ጉርሻ ሲዘረጋለት እምቢ ይላል፤ በለቅሶ ቤትና በሠርግ ቤት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውም ምክንያቱን ሳይረዳ ኵሩ ወይም ቂመኛ ነው ይለዋል።

የሕሙማኑ ቍጥር እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ደዌያት ብዙ አይደለም፤ ልዩ ልዩ ጥናቶች ከ100,000 ሰው መካከል በየዓመቱ ከ4 እስከ 13 ያህል ሰው በአዲስ እንደሚያዝ ይገልጻሉ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ ከወጣቶችም ይልቅ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ያዘወትራል፤ ከግራውም ይልቅ ቀኙን ገጽ ይመርጣል። ነገር ግን የቍጥሩ ማነስ ራሱ ለሕሙማኑ ሌላ ጉዳት ነው፤ ብዙ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ጥቂቶቹን ብቻ ስለሚያይ ቶሎ ወደ አሳቡ አይመጣለትምና።

የዚህን ደዌ ታሪክ ስንመለከት፣ የሰው ልጅ በመጀመሪያ ሥቃዩን ማየትን፣ ቀጥሎ መለየትን፣ በመጨረሻም ማከምን በብዙ ድካም እንደተማረ እናስተውላለን። በፍልስፍናው ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ሐኪምም ስለነበር፣ በ1677 በፓሪስ ሳለ የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት በዚህ ሥቃይ ስትያዝ ተጠርቶ ሄዶ፣ መናገርና አፍ መክፈት እንኳ ጥቃቱን እንደሚያመጣባት በደብዳቤው በትክክል ገልጿል። በ1756 ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ኒኮላ አንድሬ ለደዌው የተለየ ስም ሰጥቶ ከሌሎች ሕማማት አወጣው፤ በ1773 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ፎዘርጊል ጠባዩን በዝርዝር ጽፎ በለንደን ሐኪሞች ማኅበር ፊት አቀረበው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሐኪሞች የሚያስቀምጥ መድኃኒትንም፣ መርዛም ዕፀዋትንም፣ አርሰኒክንም ሞከሩ፤ ለሕሙማኑ ግን ከጥቂት ጊዜ ማደንዘዝ በቀር የሚጠቅም ነገር አልተገኘም።

ወደ እውነተኛው መድኃኒት የሚወስደውን ጎዳና የጠቈመው፣ በ1853 ፈረንሳዊው ሊቅ ትሩሶ፣ በድንገት መጥቶ በድንገት የሚሄደው ይህ ሥቃይ በአመጣጡ የሚጥል በሽታን ይመስላል ሲል የጻፈው አሳብ ነበር። ይህ አሳብ ለ90 ዓመት ያህል ፍሬ ሳያፈራ ቆይቶ፣ በ1942 በርጉኛን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለሚጥል በሽታ የተሠራውን ፌኒቶይን ለፊት ነርቭ ሕሙማን ሰጥቶ መጥቀሙን አረጋገጠ። በ1953 በስዊዝ አገር በባዝል ከተማ፣ በጋይጊ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ቫልተር ሺንድለር ካርባማዜፒንን አዘጋጀ፤ ስዊድናዊው ሐኪም ሲግፍሪድ ብሎም ደግሞ በ1962 ይህ መድኃኒት የፊት ነርቭን ሥቃይ ድል እንደሚነሣ ለዓለም ገለጠ። የብሎም ጽሑፍ ከወጣ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ካርባማዜፒን የዚህ ደዌ የመጀመሪያ መድኃኒት ሆኖ ጸንቷል።

ሆኖም መድኃኒቱ የሚጠቅመው ደዌው በትክክል ከታወቀ ነው፤ ትልቁ እንቅፋትም እዚህ ላይ ይገኛል። ሥቃዩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚሆንና ሕሙሙም ከጥርሱ የመጣ ስለሚመስለው፣ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጥርስ ሐኪም ነው፤ በዚያም ጤናማው ጥርስ ይነቀላል፣ ሥቃዩ ግን አይነቀልም፤ ሁለተኛው ይነቀላል፣ ሦስተኛውም ይከተላል። ይህ ጥፋት በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ ሳይሆን በሠለጠኑት አገሮችም ሁሉ ዘወትር የሚጻፍ ነው። ስለዚህ ሥቃዩ በቀላል ንክኪ የሚነሣ፣ በሴኮንዶች የሚያልፍና በአንድ ወገን የተወሰነ ሆኖ፣ በራጅም ሆነ በምርመራ የጥርስ ጉድለት ያልታየ እንደሆነ፣ ጥርስ ከመንቀል በፊት ሕሙሙን ወደ ነርቭ ሐኪም መላክ የጥርስ ሐኪም ታላቅ ግዴታው ነው፤ በዚህ አንድ ውሳኔ ሕሙሙን ከብዙ ዓመት ልፋትና ከማይመለስ ጉዳት ያድነዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ የፊት ሕማም ሁሉ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ አይደለም። በሙቅና በቀዝቃዛ ነገር የሚነሣ ሆኖ በአንድ ጥርስ ላይ የሚታወቅ ሕማም ከተሰነጠቀ ወይም ከተበላ ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ከጆሮ ፊት ለፊት ተነሥቶ አፍ ሲከፈት የሚንቋቋ ከመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚደነዝዝና ቦታው በውል የማይታወቅ ሕማም ሌላ ዓይነት ነው፤ በአንድ ዓይን ዙሪያ ለሰዓት ያህል ቆይቶ ዓይንን የሚያቀላና የሚያስለቅስ ደግሞ ከራስ ምታት ወገን ይቈጠራል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ሲያኝኩ መንጋጋ የሚደክም፣ ጆሮ ግንድ የሚያም፣ ዓይንም ለጥቂት ጊዜ የሚጨልም እንደሆነ ደግሞ፣ የደም ቧንቧ ብግነት ሊሆን ስለሚችልና ሳይዘገዩ ካላከሙት ዓይን ስለሚያጠፋ፣ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ለአገራችን ሰው መነገር የሚገባው፣ አልማዝ ባለጭራ እያልን የምንጠራው ደዌ በፊት ላይ ሲወጣ የሚተወው ሥቃይ ነው። ይህ ደዌ በልጅነት ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ሆኖ ከያዘን በኋላ በነርቮች ሥር ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ፣ የሰውነት ኀይል ሲደክም ተመልሶ የሚያመጣው ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ሽፍታው ከዳነ በኋላ የሚቃጠለው ሕማም ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ሕክምናውም ከካርባማዜፒን ይልቅ በአሚትሪፕቲሊንና በጋባፔንቲን ነው። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሲክሎቪር የጀመረ ሰው ሽፍታውና ሥቃዩ ቶሎ ይበርዱለታል፤ ይልቁንም ሽፍታው አፍንጫ ጫፍ ላይ ከታየ ዓይን የሚጎዳ ስለሆነ ወደ ዓይን ሐኪም ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙዎች በፊት ላይ የሚወጣን ሽፍታ ሁሉ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ እየቀቡ የሚጠብቁት ጊዜ፣ በዚህ ደዌ ግን ዓይን ወይም የሕይወት ሰላም የሚጠፋበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ መሆኑ ከታመነ በኋላ ኤም አር አይ የሚባለው ምርመራ የሚገባ ነው፤ ዕጢና መልቲፕል ስክለሮሲስን ለይቶ ያሳያል፣ ነርቩን የሚጫን የደም ቧንቧም ካለ ያመለክታልና። ይህን ምርመራ ማዘግየት የማይገባባቸው ምልክቶች ደግሞ አሉ፤ የፊት መደንዘዝ፣ የመስማት ጉድለት፣ ሥቃዩ በሁለቱም ወገን መሆን፣ የሕሙሙ ዕድሜ ከ40 በታች መሆን የመሳሰሉት ናቸው።

ሕክምናው ሲጀመር ካርባማዜፒን ከጥቂት፣ ማለት በቀን ከ200 ሚሊግራም ያህል ተነሥቶ፣ ሥቃዩ እስኪገታ ድረስ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ የብዙዎቹ ልክ ከ600 እስከ 1,200 ሚሊግራም ይደርሳል። ከአሥር ሕሙማን ሰባቱ ያህል በመጀመሪያው ጊዜ ታላቅ ዕረፍት ያገኛሉ፤ ይህ ፈጣን መልስ ራሱ ለሐኪሙ የደዌውን ማንነት ያረጋግጥለታል። ተራ የሕመም ማስታገሻና እንደ ሞርፊን ያሉ ኀይለኛ መድኃኒቶች ግን ለዚህ ሥቃይ አይጠቅሙምና ልክን እየጨመሩ መዋጥ ሰውነትን መጉዳት ብቻ ነው። ካርባማዜፒን ያልተስማማው ሰው ኦክስካርባዜፒን ወይም ላሞትሪጂን፣ ባክሎፈን፣ ጋባፔንቲን ሊታዘዝለት ይችላል።

መድኃኒቱ ግን ያለ ዋጋ አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ፣ ማዞር፣ መንገዳገድ፣ አንዳንዴም አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ያመጣል፤ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያጎድል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ሊቀንስና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ደምን በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል፤ በተለይም ሽፍታ ከትኩሳትና ከአፍ ቁስል ጋር ከታየ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ማየት ግድ ነው። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ጠብ ከዚህ ያነሰ አሳሳቢ አይደለም፤ የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ኀይል ያዳክማል፣ ለኤች አይ ቪ የሚሰጠውን ዶሉተግራቪር በደም ውስጥ ያሳንሳል፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ደግሞ የካርባማዜፒንን ብርታት ከልኩ በላይ ያወጣዋል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት በጽንሱ ላይ ሊደርስ ስለሚችለው ጉዳት አስቀድማ መመከር አለባት። ስለዚህ ሕሙሙ የሚወስደውን ሁሉ፣ የቤት መድኃኒትም ቢሆን፣ ለሐኪሙ አንድ በአንድ መንገር አለበት።

በዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የተለየ ችግር አለ። ካርባማዜፒን በአገራችን የመድኃኒት ቤቶች የታወቀው ለሚጥል በሽታ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሕሙሙ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደታዘዘለት ሲሰማ ይደነግጣል፣ ዘመዶቹም ያልሆነውን ይጠረጥራሉ፤ የሚጥል በሽታ በራሱ ሊያሳፍር የማይገባው ደዌ ሆኖ ሳለ በማኅበረ ሰባችን ዘንድ ገና የተሸከመው ነቀፋ ስላለ፣ ብዙዎች መድኃኒቱን ደብቀው ይወስዳሉ ወይም ይጥሉታል። መድኃኒቱን የሚያዝ ሐኪምና የሚሰጥ ፋርማሲስት፣ ይህ መድኃኒት ከመጠን በላይ የሚቈጣን ነርቭ ስለሚያረጋጋ ለሁለቱም ደዌያት የሚሆን መሆኑን በጥቂት ቃል ቢያስረዱ፣ ይህ የጥቂት ደቂቃ ንግግር ከመድኃኒቱ ያላነሰ ፈውስ ያመጣል።

መድኃኒት ሥቃዩን የማይገታ እንደሆነ፣ ወይም የመድኃኒቱ ጫና ከሥቃዩ የማይተናነስ እንደሆነ፣ የቀዶ ሕክምና ደጃፍ ይከፈታል፤ በዚህም ረገድ የመቶ ዓመት ትጋት ተሰብስቦ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዛዊው ቪክተር ሆርስሊና ጀርመናዊው ፌዶር ክራውዝ የነርቩን ሥር መቁረጥ ጀመሩ፤ ሥቃዩ ቢቀርም ፊት በድን ሆኖ የመቅረቱ ጉዳት ግን ከባድ ነበር። አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ በ1934 ብዙ ሕሙማንን ሲከፍት ነርቩን የሚጫኑ የደም ቧንቧዎችን ማየቱን ጽፎ ምክንያቱን ጠቈመ፤ ነገር ግን ሐኪሞች ይህን አሳብ በውል የተቀበሉት ፒተር ጃኔታ በ1966 በካሊፎርኒያ በትምህርት ላይ ሳለ ነርቩን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የቧንቧውን ጫና ራሱ አይቶ፣ ነርቩን ሳይቈርጡ ቧንቧውን ማላቀቅ የሚበቃ መሆኑን ሲያስተምር ነው። በዚህ ሥራ ከጆሮ በስተኋላ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ቧንቧው ከነርቩ ተላቅቆ፣ በመካከላቸው የቴፍሎን ቅንጣት ይገባል። በ1996 የጃኔታ ቡድን 1,185 ሕሙማንን ተከታትሎ ባሳተመው ጥናት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 70 ከመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ፍጹም ዕረፍት እንዳላቸው ታውቋል፤ በአንጻሩ የሞቱት ሁለት፣ መስማት ያጡትም 1 ከመቶ ያህሉ ናቸው።

ዕድሜያቸው የገፋና የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ሥራ የማይመቹ በሆኑ ጊዜ ግን ሌላ መንገድ አለ። በጉንጭ በኩል መርፌ አስገብቶ በራስ ቅል ሥር ወዳለው የነርቩ ቋጠሮ መድረስ የሚቻል ሲሆን፣ በዚያ ሥፍራ ነርቩን በሙቀት ማቃጠል፣ ግሊሰሮል መወጋት፣ ወይም ትንሽ ፊኛ ነፍቶ መጫን ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ቶሎ ይሠራሉ፣ ለሕሙሙም ይቀላሉ፤ ነገር ግን የሚያድኑት ነርቩን በከፊል በመጉዳት ስለሆነ ፊትን ያደነዝዛሉ፣ ጥቅማቸውም በጊዜ ብዛት ይጠፋል፤ ዓይን የደነዘዘ እንደሆነ ደግሞ ሲቆስል ስለማይታወቅ ዕለት ዕለት መጠበቅ አለበት። ስዊድናዊው ላርስ ሌክሴል በ1951 ያሰበው፣ የራስ ቅልን ሳይከፍቱ ጨረር በነርቩ ሥር ላይ ማከማቸት የሚባለውም ዘዴ ዛሬ በታላላቅ ሆስፒታሎች ይሠራል፤ ነገር ግን ውጤቱ ወዲያው ሳይሆን በሳምንታት ወይም በወራት ይመጣል። ከእነዚህ ሁሉ የሚመረጠው፣ የደም ቧንቧው ጫና በምርመራ የታየበትና ሰውነቱ የሚችል ሰው ከሆነ የጃኔታው ዓይነት ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ነርቩን ሳያጠፋ የደዌውን ሥር ይነካልና። መርፌና ጨረር ግን ሥራው ለማይቻላቸው ሰዎች በእውነት ባለውለታ ናቸው እንጂ የማይረቡ አይደሉም። ሕሙሙ ግን መድኃኒት ሳይሠራለት ለዓመታት ቀዶ ሐኪም ሳያይ እንዲቆይ ማድረግ፣ አስቀድሞ ሳያጣሩ ወደ ቢላዋ ከመላክ የማይተናነስ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ስለ ሥጋው ሕክምና ይህን ያህል ካልን፣ ስለ ነፍሱ ደግሞ እንናገር። ሥቃዩ መቼ እንደሚነሣ ስለማይታወቅ ሕሙሙ በፍርሃት ይኖራል፤ ምግብ ይቀንሳል፣ ይከሳል፣ ፊት መታጠብ ይተዋል፣ ሥራ ይለቃል፣ ከሰው ይሸሻል፤ ከዚህም የተነሣ ኀዘን ይወርድበታል፣ አንዳንዱም ሕይወቱን እስከ መጥላት ይደርሳል። በውጭ አገር ይህን ደዌ ከራስ ማጥፋት ጋር አያይዘው የሚጠሩበት ስም አለ፤ ያ ስም ግን ሕሙማንን ከማስፈራራት በቀር የማይጠቅም ስለሆነ ልንወርሰው አይገባም። ይልቅስ ሕሙሙን ቀርቦ፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅና እውነቱን ከነገረን ብቻውን ሳንተወው የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል።

የቤተ ሰብና የወዳጅ ድርሻ ምን መሆን እንዳለበት የሚያስተምረን የኢዮብ ታሪክ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በዝምታ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ እውነተኛ አጽናኞች ነበሩ፤ ጥፋታቸው የተጀመረው አንደበታቸውን ከፍተው ሥቃዩ ከኃጢአቱ የመጣ ነው ብለው መፈለግ ሲጀምሩ ነው። በእኛም ዘመን የማይታይ ሕማም ያለበትን ሰው፣ በሽታህ ከአሳብ ብዛት ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ ርግማን ነው የሚሉት ሁሉ የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት ይደግማሉ። ሕሙም መጠየቅ በቤተ ክርስቲያናችን ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ሆኖ ሳለ፣ መጠየቁ ሕሙሙን የሚያጽናናው ሥቃዩን በማመን፣ ሳይናገር እንዲቀመጥ በመፍቀድ፣ ለስላሳ ምግብ በማዘጋጀትና በነፋስ ቀን ፊቱን በነጠላ በመሸፈን ሲገለጥ ነው።

ብዙ ሕሙማን ጠበል እንደሚሄዱ የታወቀ ነው፤ ይህም በሃይማኖት ለሚያምን ሰው የሚያጽናና መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። ነገር ግን ለጠበል ብሎ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ሥቃዩን ይመልሰዋል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ፊትን መምታትም ጥቃቱን ሊቀሰቅስ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች በኤች አይ ቪ ሕሙማን ጊዜ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ ማስተማራቸው፣ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ማክበርን የሚያዝ መሆኑ፣ ለዚህም ደዌ የሚሆን ትምህርት ነው። በጾም ቀናት ደግሞ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ሕሙሙ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር መክሮ ቢያስተካክል መልካም ነው።

ለሕሙሙ ራሱ የሚሆነው ምክር አጭር ነው። ጥቃቱ የመጣበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ልክ፣ የቀሰቀሰውን ነገር፣ የወሰደውን መድኃኒትና ያየውን ለውጥ በደብተር ይጻፍ፤ ሐኪም ፊት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ደብተር ይናገርለታልና። ሲሻለው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ ደዌው ለወራት ወይም ለዓመታት ሰላም ሰጥቶ ሊመለስ እንደሚችል ይወቅ፤ መድኃኒቱ የሚቀንሰው በሐኪም ምክር ነው። ከቤት ሲርቅ የሚበቃውን ያህል ይያዝ፤ ከፍተኛ ሕክምና ካስፈለገውም የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የነርቭ ሕክምናና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ዕውቀቱን የያዙ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መፈጠራቸው ሊያስደስተን ይገባል። ሆኖም አብዛኞቹ በከተማ የተወሰኑ ስለሆኑ፣ ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ሕሙም ወደ እነርሱ የሚደርሰው ብዙ ደረጃ አልፎ ነው። ስለዚህ የደዌው ምልክቶች በየጤና ጣቢያው ላሉ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ይልቁንም ለጥርስ ሐኪሞች፣ በጥቂት ገጽ ተጽፈው ቢሰጡ፣ ካርባማዜፒንም ያለማቋረጥ በየሥፍራው እንዲገኝ ቢደረግ፣ ከሁሉ በፊት ያለው ችግር ይቃለላል።

በመጨረሻም የድጋፍ ማኅበር ነገር ሊተው አይገባም። በአሜሪካ በ1990 የተቋቋመው የትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ማኅበርና በብሪታንያ ያለው አምሳያው፣ ሕሙማን ተገናኝተው እንዲማማሩ፣ ሐኪሞችም እንዲነቁ ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ በየዓመቱም ጥቅምት 7 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደዌው እንዲታወቅ የሚታሰብበት ዕለት ሆኗል። ዕድርን፣ ማኅበርንና ጽዋን ለዘመናት ያቆየ ሕዝብ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ ኤች አይ ቪ በአገራችን በተስፋፋ ጊዜ ሕሙማን ራሳቸው በተስፋ ጎህ ማኅበር ተሰብስበው ለዓለም እንደመሰከሩ፣ የስኳር ሕሙማንም ማኅበር መሥርተው ለመድኃኒታቸው እንደቆሙ፣ የፊት ነርቭ ሕሙማንም ከሌሎች የነርቭ ሕሙማን ጋር ተባብረው አንድ ማኅበር ቢያቆሙ፣ ቍጥራቸው ቢያንስም ድምፃቸው ሊሰማ ይችላል። ደዌው ከሚያደርሰው ሥቃይ የሚበዛው ክፍል ሊቀር የሚችል መሆኑን ሳይንስ አረጋግጦልናል፤ ሊቀር ሲችል ሳይቀር የሚኖረው ሥቃይ ግን ከእንግዲህ የደዌው ብቻ ሳይሆን፣ አይቶ ያልመረመረ ሐኪም፣ ሰምቶ ያላመነ ዘመድና ዐውቆ ያላስተማረ ሰው ሁሉ በአንድነት የሚጠየቁበት ነው።